ጃርቷና አየር ላይ የቀረው እግር

ሃ ሃ ሃ! ኧረ ሳቄ ይውጣልኝና ልጀምር! ተረት መጣች፣ ጆሯችሁን ክፈቱላት፤ ዋናው ጉድ ያለው መጨረሻው ላይ ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን የዱሩ ሁሉ ንጉሥ አያ አንበሶ፣ "የኮረብታውም ምንጭ ከዛሬ ጀምሮ የኔ ነው" ብሎ አወጀ። የኮረብታው እንስሳት ሌላ ውኃ የላቸውምና፣ ከጋራ ጎተራቸው ለጠበቃ ማሽላ ተከፍሎ አንበሶ እንዲከሰስ ተስማሙ። የጎተራው ጠባቂ እመት ጃርት ግን በስጋት እሾኋ ሁሉ ቆመ።

"ጎተራውን አራግፈን ምንጩንም ብናጣስ?"

"አይዞሽ እመት ጃርት፣ እኔ እያለሁ!" አለች ጠበቃዋ ጦጢት፣ ጉንጯን በማሽላ ወጥራ።

የችሎቱ ቀን ዳኛው ዝሆን ገና "ተከሳሽ" ከማለቱ አንበሶ አገሳ። ጦጢት ዛፍ ላይ ወጣች። ዳኛውም ዓይኑን በጆሮው ሸፈነ። አንበሶ ወደ ምንጩ መራመድ ሲጀምር ጃርት የምታደርገው ቢጠፋት፣ "በሕግ አምላክ!" ብላ ጮኸች።

ይህን ቃል የሰማ ሁሉ ካለበት ንቅንቅ እንዳይል ያወጀው ደግሞ ራሱ አንበሶ ነበር። አንድ እግሩን እንዳነሳ ቀረ። ፀሐይዋ ከረረች፣ እግሩ ይንዘፈዘፍ ጀመር። በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አላት፦

"እመት ጃርት፣ እባክሽ፣ ይችን እግሬን የት ላሳርፋት?"