ማን ይፍታት

አንዲት ልጅ ነበረች። በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ሰልፍ ላይ ወደቀች። ስሟ ኤፍራታ ነው፤ ዕድሜዋ አሥራ አምስት። ከኋላዋ የቆመችው ልጅ ክንዷን ያዘችና ደነገጠች። ከሹራቡ ውስጥ የጨበጠችው አጥንት ብቻ ነበር።

ጤና ጣቢያ ወሰዷት። ሐኪሙ ደረቷን አዳመጠ፤ እንደገና አዳመጠ። ከዚያ እናቷን ወደ በረንዳው ጠራ።

«ልቧ ደክሟል። ሰውነቷ የሚበላው አጥቶ ራሱን እየበላ ነው። ቤት ውስጥ ምግብ አይበቃም እንዴ?»

እናትየው ተቆጣች። «ቤቴ ሙሉ ነው፣ ዶክተር! ልጄ ጾመኛ ናት።»

«ፋሲካ አለፈ እኮ።»

«ስእለት አለባት።»

ሐኪሙ አልተከራከረም። ወደ ሆስፒታል እንደሚልካት፣ አምቡላንስ እንደጠራ ነገራት። ልጅቷ ወተት ቢያቀርቡላት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች። ክንዷ ላይ የተተከለውን መርፌም ሁለቴ ነቅላዋለች። «በዚህ ከቀጠለች መንገዱን አትችለውም» አለ። «የምትሰማው ሰው ካለ አሁኑኑ ይምጣ።»

ልጅቷ የምትሰማው ሰው ነበር። የንስሐ አባቷ መምሬ ዘርዓ ብሩክ ናቸው። እናትየው ነጠላዋን እያጣፋች ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጠች።

ነገሩ የጀመረው በጥር ነው። ኤፍራታ ለአክስቷ ልጅ ሠርግ ሚዜ ልትሆን ቀሚስ ትለካለች። ልብስ ሰፊዋ ዚፑን እየጎተተች፣ «ወይ ጉድ! እናትሽ ቤት ተመችቶሻል፤ ዚፑ እኮ እንቢ አለ» አለች። የነበሩት ሁሉ ሳቁ። ኤፍራታም ሳቀች። ሁዳዴ ሲገባ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾም ጀመረች፤ ቆይታ እስከ ማታ አደረሰችው፤ ቆይታ ማታም «በልቻለሁ» ማለት አመጣች። ጾሙ ሲጋመስ፣ እስከ ጰራቅሊጦስ የሚዘልቅ ስእለት እንዳለባት ተናገረች። ጎረቤት «ጾሙ አማረብሽ» አላት። እናቷ ግንባሯን ሳመቻት፤ ለዕድር ሴቶችም አወራች።

መምሬን ደጀ ሰላሙ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። መስቀል እንኳ ሳትሳለም ጠየቀች።

«መምሬ፣ ስእለት ያለበትን ሰው ጾሙን ማን ይፈታለታል?»

«ማን ነው የሚጾመው? ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ጾም የለም። ረቡዕና ዓርብ እንኳ ይበላል።»

ሁሉንም ነገረቻቸው።

«ስእለቱን ለማን ተሳለች? ለእኔ አልነገረችኝም።»

መምሬ መቋሚያቸውን አንስተው ተነሡ። «ነይ፣ እየሄድን ስሚኝ» አሉ። መንገድ እንደጀመሩ እንዲህ ብለው ነገሯት።

«አንድ ሰው ነበረ። በድሮው ዘመን ነው። ተከሰሰና እስኪፈረድ ድረስ ከጠባቂ ጋር በአንድ ሰንሰለት ታሰረ፤ በአንዱ ጫፍ እሱ፣ በሌላው ጫፍ ጠባቂው። ያኔ ይህ ቁራኛ ይባል ነበር።»

«መምሬ፣ ልጄ ተኝታ እኮ ነው! ተረት ላይ ነን?»

«እግሬ ቆመ እንዴ? እየሄድሽ ስሚ። ሰውየው ሲታሰር አልጮኸም፤ አልለመነም። ሰው አደነቀው። ‹ትዕግሥት እንደ እሱ ነው› አሉ። ልጆቻቸውን እያመጡ አሳዩዋቸው። ቀኑ ሲደርስ ዳኛው ነጻ ነህ አለው። ጠባቂው ሰንሰለቱን ፈትቶ፣ ቁልፉንም አብሮ ጥሎለት ወደ አገሩ ሄደ።

በማግስቱ ሰውየው ገበያ ወጣ። ማንም ዞር ብሎ አላየውም። እጁ ቀለለው፤ ቅለቱም አስፈራው። ቤቱ ተመለሰና ሰንሰለቱን አነሣ። በገዛ እጁ ታሰረና ጋቢውን ደረበበት።»

«ጅል ነው።»

«ጅል አይደለም። ብረቱ ሥጋውን በላው፤ ቁስሉ ሸተተ። ሚስቱ ታጋሹ ባሌ እያለች ቅባት ታመጣለት ነበር። አንድ ቀን እንኳ ግን ጋቢህን ግለጥ አላለችውም።»

እናትየው እርምጃዋን አዘገየች። መምሬ አልጠበቋትም፤ ደርሳባቸው ነው ቀሪውን የሰማችው።

«ወሬው ለዳኛው ደረሰ። ዳኛው መጣና ጋቢውን ገለጠው። ‹ማን አሰረህ?› አለ። ‹እኔ።› ‹ቁልፉስ?› ‹አንገቴ ላይ ነው።› ‹ታዲያ ለምን አትፈታም?› ሰውየው አለቀሰ። ‹ጌታዬ፣ እጄ አይታዘዘኝም› አለ።»

የጤና ጣቢያው አጥር ታየ። አምቡላንሱ ደርሷል፤ የኋላ በሩ ተከፍቷል። እናትየው ልትሮጥ ስትል መምሬ በመቋሚያቸው መንገዷን ዘጉባት።

«ስጨርስ ነው የምትገቢው። እንደ መጣሽ ከገባሽ እንደ መጣሽ ትወጫለሽ።»

«ዳኛውስ? ሰንሰለቱን ቆረጠው?»

«ቢቆርጠው ሌላ ይገዛል። ቢገርፈው ጋቢ ይደርባል። ዳኛው አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠና የሰንሰለቱን ሌላ ጫፍ በራሱ እጅ ላይ አሰረው። ‹ከዛሬ ጀምሮ ቁራኛህ እኔ ነኝ› አለ። ‹ስትነሣ እነሣለሁ፤ ስትቀመጥ እቀመጣለሁ። እጅህ እስኪታዘዝህ ቁልፉን አብረን እንይዘዋለን።› ሰውየው ሰደበው። ሂድልኝ አለው፤ ተፋበት። ዳኛው አልሄደም፤ መልሶም አልሰደበውም።»

«ተፈታ?»

«አንድ ቀን ተፈታ። በማግስቱ መልሶ ታሰረ። ደግሞ ተፈታ። እንዲህ እንዲህ እያለ ነው የሄደው።»

መምሬ መቋሚያቸውን ወደ ጎን አደረጉና ፊታቸውን ወደ እሷ መለሱ።

«እንግዲህ ምሳሌው ይህ ነው። እስረኛው ልጅሽ ናት። ሰንሰለቱ ጾም አይደለም፤ ጾሙ የደረበችበት ጋቢ ነው። ጾም ይፈታል። እስረኛ ይፈታል። ኃጢአተኛም ይፈታል። የማይፈታ ከሆነ እስራት ነው እንጂ ጾም አይባልም። ‹ጾሙ አማረብሽ› ያሏት፣ እስረኛውን ሲያደንቁ የነበሩት ናቸው። ቅባት የምታመጣው ሚስት አንቺ ነሽ። እኔ ገብቼ ‹እግዚአብሔር ይፍታሽ› እላታለሁ፤ ያ የእኔ ድርሻ ነው። ምን እንደምትቀምስ፣ ስንት እንደምትቀምስ የሐኪም ድርሻ ነው፤ እሱን ከሐኪም አትቀሚ። የዳኛው ሥራ ግን የአንቺ ነው። አብረሻት ሂጂ። አልበላም ስትል አጠገቧ ቁጭ በይ። ስትሰድብሽም ቁጭ በይ። የአልጋ ቁራኛ ሳትሆን አንቺ ቁራኛዋ ሁኚ።»

እናትየው አልተንቀሳቀሰችም። ነርሷ ከበረንዳው ላይ «የኤፍራታ እናት! መኪናው ሊሄድ ነው!» ብላ ተጣራች።

«መምሬ» አለች እናትየው። «ቅድም የጠየቅሁዎት ጥያቄ የእኔ አይደለም።»

«የማን ነው?»

«የእሷ ነው። ‹እማዬ፣ መምሬን ጠይቂልኝ፤ ስእለት ያለበትን ሰው ጾሙን ማን ይፈታለታል በያቸው› አለችኝ። እኔ ጾመኛነቷ መስሎኝ፣ ‹በርቺ የኔ ልጅ፣ ምን ቀረሽ› አልኳት።»

«መቼ ነው የጠየቀችሽ? ዛሬ ነው?»

«በሆሳዕና» አለች። «የዘንባባው ቀለበት ከጣቷ እየወለቀ አስቸግሯት ነበር።»