የክብር እንግዳው ንግግር

አንዲት ምላሷ የማያርፍ ቆሎ ሻጭ የሰፈሩ መዝናኛ ፕሮግራም አስተባባሪ ሆና በሙከራ ተቀጠረች። የመጀመሪያ ሥራዋ የላይ ሰፈርንና የታች ሰፈርን በኳስ ማጋጠም ነበር። አለቃዋ አቶ ሽባባው ንግግር ይወዳሉ፤ አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር ግን ሰዉ ሹልክ ሹልክ እያለ ያንገበግባቸዋል።

“ስሚ!” አሏት። “እኔ ስናገር አንድ ሰው ከሜዳው ከወጣ፣ አንቺም ወደ ቆሎሽ! ማንም ካልወጣ ቋሚ ሠራተኛ ነሽ።”

“እሺ ጌታዬ። ብቻ እርስዎ የክብር እንግዳ ነዎትና ኳሷን ይዘው ይናገሩ፤ ሲጨርሱ ይለጓትና ጨዋታው ይጀመራል።”

አቶ ሽባባው ኳሷን ብብታቸው ሥር ወሽቀው ከአያታቸው ዘመን ጀምረው ተረኩ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ሆኖም አንድም ሰው አልተነቃነቀም። እሳቸውም በደስታ ሰክረው ቋሚነቷን በድምፅ ማጉያው አወጁላት።

“አየሽ የንግግሬን ጣዕም? እስቲ ሕዝቡን እዚህ ምን እንዳቆየው አንቺው ተናገሪ!” ብለው ማይኩን ሰጧት።

“ጌታዬ፣ ንግግርዎስ ያው እንደ ወትሮው ነው” አለች። “ግን ሰዉ ወዴት ይሂድ? የሰፈሩ ኳስ አንዲት፣ እሷም እርስዎ ብብት ሥር!”