የለማጅ ሞተርና የኃላፊው ደብዳቤ

በአንዲት ቆላማ ከተማ ምላሷ ከመፍቻዋ የሚቀድም አንዲት የሞተር ሳይክል መካኒክ ነበረች። የከተማዋ የትራንስፖርት ኃላፊ አቶ ወንድይፍራው፣ ከለማጅ ሞተር ላይ የፍጥነት መገደቢያውን የነቀለ ጋራዥ እንደሚታሸግ የሚያስጠነቅቅ ደብዳቤ ካስበተኑ ገና ወር አልሞላም። እሷም የደረሳትን ግድግዳዋ ላይ በሙጫ ለጥፋዋለች።

አንድ ቀን እኚሁ ኃላፊ «ለማጅ» የሚል ጽሑፍ በተለጠፈበት አዲስ ሞተር እየተንቀረፈፉ መጡ። መንገድ ላይ የአህያ ጋሪ ቀድሟቸው ስለነበር ፊታቸው በርበሬ መስሏል።

«ይሄን መገደቢያ አሁኑኑ ንቀይልኝ!» አሉ ገና ሳይወርዱ።

«ጌታዬ፣ ደብዳቤዎ መች ይፈቅድልኛል?» አለች ወደ ግድግዳው እያመለከተች። «ነገ ተቆጣጣሪዎችዎ ሲመጡ ምን አሳያቸዋለሁ? ንቀይ የሚል ሌላ ደብዳቤ ይጻፉልኝ።»

ኃላፊው ደረታቸውን ነፉ። «የምን ደብዳቤ? ደብዳቤው እኔ ነኝ! ካልነቀልሽ ዛሬውኑ አሳሽግሻለሁ!»

ተራ የሚጠብቁት ሞተረኞች ጆሯቸውን አቆሙ። ሴትዮዋ ብትነቅልም መታሸግ፣ ባትነቅልም መታሸግ መሆኑ ገባት። ጎንበስ ብላ የሙጫውን ጣሳ አነሳችና ክዳኑን ከፈተች።

«እንግዲያው ወደ ግድግዳው ጠጋ ይበሉልኝ፣ ከፊተኛው ደብዳቤ ጎን ልለጥፍዎት። ግን ተቆጣጣሪዎችዎ ማህተም የሌለው ደብዳቤ አይቀበሉም። የእርስዎን ከፊት በኩል ፈልጌ አጣሁት፤ እስቲ ዞር ይበሉ፣ ከኋላ እንደሆነ ልየው።»