የተመረጡት መቶ ፎቶዎች

አንድ መንገሻ የሚባል ፎቶ አንሺ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ሠርግና ምርቃት ሲያነሳ ኖሮ የገዛ ቤቱን ፎቶዎች ግን ዞር ብሎ አይቷቸው አያውቅም። ኮምፒውተሩ ውስጥ ከአርባ ሺህ በላይ ፎቶ ዝም ብሎ ተከምሯል።

አንድ ቀን ባለቤቱን ሽታዬን ዓይኗን ስላመማት ሐኪም ቤት ወሰዳት። ሐኪሙ መርምሮ ሲጨርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «መድኃኒቱ ሕመሙን ቢያዘገየው እንጂ አያድነውም። ማየት የሚፈልጉትን አሁን ይዩ» አላት።

ቤት እንደገቡ ሽታዬ ሌላ ነገር አላማራትም። «ፎቶዎቻችንን አሳየኝ» አለችው።

መንገሻ ኮምፒውተሩን ከፈተና አፈረ። የደበዘዘው፣ የጠመመው፣ ዐሥር ጊዜ የተደጋገመው ሁሉ ተደበላልቋል።

«በዚህ ዝብርቅርቅ ዓይንሽን አላደክምም። ትንሽ ታገሺኝ፤ ምርጥ ምርጡን መቶ ለይቼ አሳይሻለሁ።»

«የተበላሸውም ቢሆን ግድ የለኝም እኮ።»

«እኔን ግን ግድ ይለኛል» አላት።

ከዚያ ወዲያ ከሥራ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ፊት ይቀመጣል። በየዓመቱ ከፋፈለ፣ አነጻጸረ፣ ሰረዘ። መረጥኩ ያለውን መልሶ ይበትነዋል። ሽታዬ በየሳምንቱ «ደረሰ?» ትለዋለች፤ እሱም «ትንሽ ቀረኝ» ይላታል። እያደር ግድግዳ እየዳሰሰች መሄድ ጀመረች። መንገሻ ይህን ባየ ቁጥር ይደነግጣል፤ ግን ያላለቀ ሥራ ማሳየት አይሆንለትም። በመጨረሻ እሷም መጠየቁን ተወችው።

በሁለተኛው ዓመት መቶዎቹ ተመረጡ። አንዱም እንከን አይወጣለትም። እጇን ይዞ አምጥቶ ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጣት። ሽታዬ ፊቷን ወደ ብርሃኑ አዞረች፤ ከብርሃኑ በቀር ግን የሚታያት ነገር አልነበረም።

«አንተው ንገረኝ» አለችው።

መንገሻ ይነግራት ጀመር። «ይሄ ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር ነው። ቢጫ ቀሚስሽን ለብሰሻል።»

«ጀልባው ላይ የተነሳነውስ? ባለጀልባው ያነሳን?»

መንገሻ ያን ፎቶ በደንብ ያስታውሰዋል። ባለጀልባው ካሜራ መያዝ ስለማያውቅ ሐይቁ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብሎ፣ የሁለቱም ፊት ደብዝዞ ነበር።

«ጠማማ ስለነበረ ሰረዝኩት።»

ሽታዬም መለሰችለት። «አንተ ያለህበት እኮ እሱ ብቻ ነበር። ሌላውንማ ሁሉ ያነሳኸው አንተ ነህ። እኔ ማየት የፈለግሁት አንተን ነበር።»

ከዚያም፣ «በል ቀጥል፤ የሚቀጥለው ምንድን ነው?» አለችው። እሱም እስከ መቶኛው ድረስ ነገራት።

ብዙዎቻችን ለምንወደው ሰው ያማረ ነገር እናቀርባለን ብለን ስንደክም፣ እሱ የጠየቀንን ነገር እንነፍገዋለን። እሱ የሚፈልገው እኛኑ ሆኖ ሳለ እኛ ሥራችንን እናሳምራለን፤ ጊዜው ደግሞ እስክንጨርስ አይጠብቀንም።

አንባቢ ሆይ፣ ቤትህ ውስጥ ለነገ ያሳደርከው የማን ልመና ነው?