አራሽና ገሪ

ማረስ የሚያውቅ አንድ ሰው ነበረ።

ቆይ፣ አታቋርጠኝ ጥጋቡ። ጥያቄህን ሰምቼዋለሁ። ልጅህ ይታይሽ ዩኒቨርሲቲ የመምህርነት ትምህርት ደርሷት፣ አንተ ግን «አስተማሪ ለመሆን አራት ዓመት ምን ይማሩበታል? ሀ ሁ ማስቆጠር ማንን ያቅታል? አርፋ ሱቅ ብትቀመጥልኝ ይሻላል» አልክ። ያውም ለማን? ሠላሳ አንድ ዓመት ጠመኔ ለጨበጥኩት ለእኔ! በል እንግዲህ፣ ጠይቀሃልና ቁጭ ብለህ ስማ።

ይህ ሰው ማረስ ያውቃል ስልህ እንዲያው ለወሬ አይደለም። ትልሙ በገመድ የተሰመረ ይመስላል። ተዳፋቱን፣ ረግረጉን፣ ድንጋያማውን መሬት እንደየጠባዩ ያርሰዋል። አገሩ ሁሉ «እንደሱ ያለ አራሽ የለም» ይላል፤ እውነትም አልነበረም።

በዚያው አገር አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። መሬት አላት፤ የሚያርስ በሬ ግን የላትም። ያላት ከጥጃነቱ ጀምራ ያሳደገችው አንድ ወይፈን ነው። ወይፈኑ ተገርቶ ቀንበር ከለመደላት፣ አንድ በሬ ብቻ ካለው ጎረቤቷ ጋር ተቀናጅታ መሬቷን ታሳርሳለች፤ እህሉም ለእሷና ለልጆቿ ይሆናል። ካልተገራላት ግን እንደ አምናው መሬቷን ለእኩል ትሰጣለች፤ ግማሹን ሌላ ይወስደውና በቀረው ግማሽ ሚያዝያን እንኳ አትሻገርም። ኑሮዋ ያ ወይፈን ነበር።

ወይፈን መግራት የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ በአገሩ ነበሩ። ነገር ግን የራሳቸው ትልም ጠመም ይላል፤ ደግሞም አንዱን ወይፈን ለመግራት ወር ሙሉ ይይዙታል። ሰዉ «እንደዚያ ያለ አራሽ እያለልሽ ሽማግሌ ዘንድ ምን ያስኬድሻል?» አላት። እሷም ሰማችና ወደ አራሹ ሄደች። አራሹ «ሳምንት አይፈጅብኝም» አላት።

ወይፈኑን ስታስረክበው፣ «አንድ ነገር ልንገርህ ወንድሜ። በግራው በኩል ስቀርበው ይደነግጣል፤ በቀኙ ስመጣ ግን ምንም አይል» አለችው።

ሰውየው ሳቀ። «ሴትዮ፣ ስለ በሬ ለእኔ ልትነግሪኝ ነው?» አላት።

እስቲ ይኼ ያስቃል? ጡት ሲጥል ሣር አጭዳ ያበላችው እሷ፣ ሲታመም አብራው ያደረችው እሷ! ይኼን ሳስብ እስካሁን እርር ድብን እላለሁ። ሴትዮዋ ግን አፈረችና ዝም አለች።

በማግስቱ ወይፈኑን ከነባር በሬው ጋር በስተቀኝ ጠመደው፤ እሱ ወይፈን የሚጠምደው ሁልጊዜ በስተቀኝ ነዋ። ነባሩ በሬ ሲንቀሳቀስ ወይፈኑ በርግጎ ዘለለ። ገረፈው። የነባሩ ጎን ሲነካው ትልሙን ጥሶ ወጣ። አሁንም ገረፈው። በሦስተኛው ቀን ወይፈኑ ገና ቀንበር ሲጫንበት የሚተኛ ሆነ። ያን ጊዜ ሰውየው ምን ለወጠ ብትለኝ፣ ጅራፉን! ወፈር ያለ ይዞ መጣ። «እኔ አሳይቼዋለሁ፤ እሱ ነው የማይገባው» ይላል ደግሞ። ወይ ጉድ!

በሳምንቱ ወይፈኑን ጀርባው ተተልትሎ ለሴትዮዋ መለሰላት። «ለጋሚ ነው። ይኼ ለቢላ እንጂ ለቀንበር አይሆንም፤ ለሥጋ ሽጪው» ብሏት ሄደ።

አዋቂ የተባለ ሰው ከተናገረ ማን ይከራከራል? ቅዳሜ ልትሸጠው ገበያ ይዛው ወጣች። መንገዱን ሙሉ አለቀሰች፤ ለመሬቷም፣ ለወይፈኑም፣ ያን ቀን ዝም በማለቷም አለቀሰች።

ገበያው አፋፍ ላይ ሽማግሌው ገሪ ተቀምጠው ነበር። የወይፈኑን ጀርባ ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ። «ማነው እንዲህ ያደረገው?» ብለው ጠየቋት። ሁሉንም ነገረቻቸው። «በግራው በኩል ይደነግጣል ብዬው ነበር» ስትል ሽማግሌው ብድግ አሉ።

ወይፈኑን ግን ወዲያው አልነኩትም። ሣር ሲግጥ፣ ራሱን ሲያዞር ቆመው አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው ቀረቡና ቀኝ ዓይኑን በመዳፋቸው ከለሉ፤ በሌላው እጃቸው ግራ ዓይኑ ፊት ጭራቸውን አወዛወዙ። ወይፈኑ ዓይኑን አላርገበገበም። ዓይኑ ጥርት ያለ ነው፤ ጠባሳ የለበትም፣ ነጭ የለበትም፤ ነገር ግን አያይም።

«ልጄ፣ ወይፈንሽ ለጋሚ አይደለም» አሏት። «በስተቀኝ ሲጠመድ ነባሩ በሬ የሚሆነው በማያይበት በኩል ነው። የማያየው ነገር ሲገፋው፣ ከኋላው ሲገረፍ ሰነበተ። እኔም ብሆን እተኛ ነበር።»

ወስደው ቁስሉ እስኪሽር አሳረፉት። ከዚያ ጓደኛውን በደኅና ዓይኑ እንዲያይ በስተግራ ጠመዱት። መጀመሪያ ባዶ ቀንበር አስለመዱት፣ ቀጥለው እንጨት አስጎተቱት፣ ማረሻ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ወሩ ሊሞላ ጥቂት ቀን ሲቀረው በሴትዮዋ መሬት ላይ ትልም አወጣ። ትልሙ ጠመም ይላል፤ የሽማግሌው ነዋ! ግን መሬቱ ታረሰ።

አራሹ ወሬውን ሰምቶ ሊያይ መጣ። ድንበሩ ላይ ቆሞ አየና፣ «ይኼው ነው እንዴ? ጎን መለወጥ ብቻ? ይኼማ ማንን ያቅታል!» አለ።

ሴትዮዋ በዚህ ጊዜ ዝም አላለችም። እጁን ያዘችና ጎትታ የወይፈኑን ጀርባ፣ ያንን ጉብ ጉብ ያለ ጠባሳ አስዳሰሰችው። «ማንንም ካላቃተ አንተን ምን አቃተህ? ይኼን ሁሉ ስትገርፈው አንድ ቀን እንኳ ፊቱን አይተኸዋል? ነግሬህ አልነበረም?» አለችው። አራሹ እጁን ነጥቆ ሄደ።

ስማ እንግዲህ ጥጋቡ። ሀ ሁ ማወቅ ማረስ ነው። እሱንማ ይታይሽ ድሮ ጨርሳዋለች። አራት ዓመት የሚማሩት መግራቱን ነው። ልጅ በሰባት ዓመቱ ምን ይችላል፣ በአሥር ዓመቱስ? ዝም ያለው ፈርቶ ነው፣ ርቦት ነው ወይስ አልገባውም? የተሳሳተው ልጅ ስሕተቱን ከየት አመጣው? እናቱ ስትናገር መሳቅ ሳይሆን መስማት! ክፍል ገብተው ሲለማመዱም ከኋላ ተቀምጦ የሚያይ መምህር አለ፤ ሲወጡ ይጠብቅና «ለማን ነበር የምታስተምሪው? ለሰሌዳው?» ይላል። እሱን መዋጥ ቀላል እንዳይመስልህ። ደግሞ ልጅ ወይፈን አይደለም፤ ስለዚህ በልጅ ላይ መሳሳት ይብሳል።

እኔ ስጀምር ይህን አልተማርኩም ነበር። አስተማሪ ስለጠፋ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወረቀቴ ብቻ ሦስተኛ ክፍል እንዳስተምር አስገቡኝ። ስንዱ የምትባል ልጅ ነበረች። ስጠራት አትመልስም። ንቃኝ ነው ብዬ ዓመቱን ሙሉ እጇን በማስመሪያ ስመታ ከረምኩ፤ ሰኔ ላይም ጣልኳት። አባቷ «ካልገባት ምን ታደርግ» ብሎ አስቀራት። በኋላ እኔም መምህርነት ልማር ገባሁ። አንድ ቀን መምህራችን ጆሯቸው የማይሰማ ልጆችን ነገር ሲያስረዳ፣ «አፋችሁን ሲያይ ይመልሳል፤ ጀርባችሁን ሰጥታችሁ ስትጠሩት ግን ዝም ይላል» አለ። ስንዱ ትዝ አለችኝ። እኔ ስንዱን የምጠራት ወደ ሰሌዳ ዞሬ እየጻፍኩ ነበር።

ሄጄ ፈለግኳት። ተድራ ሌላ አገር ሄዳለች አሉኝ። ይቅርታ የምላት እንኳ አጣሁ።

አንተ ደግሞ አራት ዓመት በዛ ትለኛለህ! ለእኔ የደረሰኝ ስንዱን ከጣልኳት በኋላ ነው። ይታይሽ ግን ማንንም ሳትጥል ትማር። በል ተነሥ፤ ነገ ሻንጣዋን ተሸክመህ መናኸሪያ ድረስ ሸኛት።