ለመስመሩ ሁሉ አንድ ካርድ

ተረት ተረት! «የላም በረት» እንዳትሉኝ፤ የዛሬው ላም የለችበትም፤ ልብስ ፋብሪካ ነው።

ባዩሽ የምትባል ኮሌታ ሰፊ ልጅ ነበረች። አንድ ቀን ሽንቷ መጣ። በቃ፣ ሌላ ምንም አላማራትም! ግን ያለ ካርድ ጥበቃው ሽንት ቤት አያስገባም። ካርዱም በአንድ ረድፍ ለሚሰፉት፣ ለመስመሩ ሁሉ፣ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የመስመሯ አለቃ የትርሲት አንገት ላይ ነው።

«ትርስዬ፣ ካርዱን ስጪኝ።»

«አልሰጥም! አቶ ግዛቸው ይቆጡኛል።»

ሌላዋ ብትሆን ትቀመጥ ነበር። ባዩሽ ግን «ለምን?» ሳትል የማታድር ጉድ ናት። እግሯን እያጣመረች ወደ ፈረቃ ኃላፊው ወደ አቶ ግዛቸው ሄደች።

«ጋሼ፣ ትርሲት ካርድ አልሰጥም አለች፣ እርስዎን ፈርታ። እርስዎስ ማንን ነው የሚፈሩት?»

«ሥራ አስኪያጁን ነዋ!»

እሳቸውስ? አላስቻላትም፤ ሄደች።

«ጌታዬ፣ ትርሲት ካርድ አትሰጥ፣ ጋሽ ግዛቸውን ፈርታ፤ ጋሽ ግዛቸው አይፈቅዱ፣ እርስዎን ፈርተው፤ እርስዎስ?»

«ባሕር ማዶ ያለውን የሸሚዝ ገዢ! ሸሚዙ ዘገየብኝ እያለ ይጮኻል።»

«ሸሚዙስ ለምን ዘገየ?»

ሰውዬው በመስታወቱ ቁልቁል ወደ ማሽኖቹ አዩ። «ኮሌታ የለውማ! ኮሌታ ሰፊዋ የት ሄደች?»

ባዩሽ ሳቋም ሽንቷም እኩል መጡባት። ተመልሳ ለጓደኞቿ ነገረቻቸው። «ትርሲት ጋሽ ግዛቸውን ትፈራለች፤ ጋሽ ግዛቸው ሥራ አስኪያጁን ይፈራሉ፤ ሥራ አስኪያጁ ገዢውን ይፈራሉ፤ ገዢው ሸሚዝ ይጠብቃል፤ ሸሚዙ ኮሌታ ይጠብቃል፤ ኮሌታው እኛን ይጠብቃል!»

«ወይ ጉድ! እኛስ ማንን ነው የምንፈራው?» አለች እጅጌ የምትቀጥለው ማሚቴ።

ልጆቹ ሁሉ ማሽናቸውን አጥፍተው እጃቸውን አጣጠፉ።

ትርሲት ካርዱን ከአንገቷ አውልቃ እየሮጠች መጣች። «እንኪ ባዩሽ፣ አንቺ ሂጂ! ሌሎቻችሁ ሥሩ!»

ባዩሽ ጨነቃት፤ ልታለቅስ ምንም አልቀራት። ግን ማሚቴም እግሯን አጣምራ ነበር።

«ለሁላችንም ካልሆነ አልሄድም!» አለች ባዩሽ።

ኮሌታው ቆመ። ኮሌታው ቢቆም ሸሚዙ ቆመ፤ ሸሚዙ ቢቆም ገዢው በስልክ አምባረቀ፤ ገዢው ቢያምባርቅ ሥራ አስኪያጁ ደነገጡ፤ ሥራ አስኪያጁ ቢደነግጡ ጋሽ ግዛቸው ሮጡ፤ ጋሽ ግዛቸው ቢሮጡ ትርሲት መቀስ አነሳች፤ ካርዱንም ቆራርጣ ጣለችው። «ከእንግዲህ የመጣባት ትሂድ!»

ልጆቹ እልል አሉ። «ለካ አብረን ስንሆን ይሰሙናል! ማኅበር እናቋቁማ!» ተባለ።

«ሊቀመንበሯስ ማን ትሁን?»

«ባዩሽ!» አሉ በአንድ ድምፅ።

ባዩሽ አልሰማችም፤ ሽንት ቤት ነበረች።

ተረቴን መልሱ፤ ካርዱን አትመልሱ።